ጋሽ ተንፍስና የውሰት ደረት

ዜናው ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግራ ጉንጭ ላጭቶ ጨርሶ ወደ ቀኙ ሊዞር ነበር። ይዛው የመጣችው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩን ገፍታ ገባች። ሌላ ጊዜ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው መስተዋቱን ነው። ያን ቀን አላየችውም።

«ምላጩን አስቀምጥ» አለችው።

«ምን ሆነሻል?»

«አስቀምጥና ነው የምነግርህ።»

አስቀመጠ።

«ጋሽ ተንፍስ አረፈ። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ነው አሉ።»

ፀጉር አስተካካዩ «የትኛውን ጫማ?» ሲል ጠየቀ። ለምን እንደዚያ እንዳለ በኋላ ለራሱም አልገባውም። ልብስ ሰፊዋ ግን ተገቢ ጥያቄ እንደተጠየቀች ሁሉ አሰብ አድርጋ «ቡናማውን» አለችው።

ወንበሩ ላይ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ፣ ቀኝ ጉንጩ ላይ ያለውን አረፋ ራሱ ጠረገ፣ «ነፍስ ይማር፤ የእኔ ይደርሳል» ብሎ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አጠበው፣ አደረቀው፣ ከዚያ እንደገና አጠበው። ጋሽ ተንፍስ ጠዋት ጠዋት የሚያንኳኳው ግድግዳ ያን ቀን ሳይንኳኳ መቅረቱን ያሰበው ያኔ ነው። አርፍዶ ይሆናል ብሎ ትቶት ነበር።

የፀጉር ቤቱና የፎቶ ቤቱ በአንድ ግድግዳ የተለያዩ ናቸው። ወንድ ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይገባል፣ ከዚያ እዚያ። ፎቶ አንሺው ጋሽ ተንፍስ ሲቀልድ «አንተ ትልጠዋለህ፣ እኔ አነሳዋለሁ» ይል ነበር። በፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ግራጫ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ ጃንጥላ የለበሱ መብራቶች፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮት። ኮቱ ለማንም አይሆንም፣ ስለዚህም ለሁሉም ይሆናል። ቀጭን ሰው ከሆነ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ይያዝለታል፤ ወፍራም ከሆነ የጀርባው ስፌት አስቀድሞ የተተረተረ ስለሆነ ከፊት ይቆለፍለታል። ልብስ ሰፊዋ «ከፊት ሚኒስትር፣ ከኋላ የልብስ ማስጫ ገመድ» ትለው ነበር። የሰፈሩ ወንድ ግማሹ ሥራ የገባውም ሚስት ያገኘውም በዚያ ኮት ነው።

ወንዶቹ ሲመጡ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ ክንዱን አጣምሮ፣ ጡንቻው ወጣ እንዲል ከሥሩ ጡጫውን ይሸጉጣል። አንዱ መኪና የለውም፣ የመኪና ቁልፍ ግን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ሌላው የዓይኑ ሽፋሽፍት ረጅም ስለሆነ እንዳይታይበት ይለምናል።

«ቆጣ ያልኩ አድርገህ አንሳኝ» አለው አንዴ አንዱ ሙሽራ።

«በማን ላይ?» አለ ጋሽ ተንፍስ።

«በማንም። እንዲሁ በጥቅሉ።»

«በጥቅሉ ይከብዳል። አንድ ሰው ምረጥ።»

ሙሽራው አሰበ፣ አሰበ፣ የሚቆጣበት ሰው አጣ። የተነሳውም ያንን ሲያስብ ነው።

ስልቱ አንድ ነበር። መጀመሪያ ሰውዬው እንደፈለገው፣ ደረቱን እንደነፋ ያነሳዋል። ቀጥሎ «ይቅርታ፣ ማሽኑ እምቢ አለኝ» ብሎ ካሜራው ላይ ያቀረቅራል። ካሜራው እምቢ ብሎ አያውቅም። እሱ የሚጠብቀው ትንፋሹን ነው። ሰውዬው ይይዛል፣ ይይዛል፣ አንገቱ ይቀላል፣ በመጨረሻ ያመልጠዋል። ትከሻው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ዓይኑ «አይ እንግዲህ» ሲል፣ ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ይጫናል። ግትሩ ሰው እምቢ ካለ ደግሞ ቀና ብሎ «ተንፍስ! ወንድነትህን እኔ እይዝልሃለሁ፣ ስትወጣ ትወስደዋለህ» ይለዋል። ስሙ ከዚህ ነው የወጣለት።

ወንዶቹ ሁልጊዜ የሚመርጡት የመጀመሪያውን ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግን እናት ወይ ሚስት ወይ እህት ብቅ ትልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያኛውስ የለም?» ትላለች። ያኛው ምንጊዜም አለ። አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃት። ያኔ ይስቃል። ሲስቅ የላይኛው የፊት ጥርሱ ትታያለች፤ አንድ ጊዜ የመብራት ብሎን በጥርሱ ሊፈታ ሲል ጠርዟ ተሸርፏል። ሚስቱ ስለዚያች ጥርስ ስታወራ ስለ አንድ ልጅ የምታወራ ነው የሚመስለው።

ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ድርሻ ብርሃን መለኪያነት ነው። ጋሽ ተንፍስ ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ ግድግዳውን ያንኳኳል። ፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ሄዶ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። መብራቱ ይበራል፣ ካሜራው ቀጭ ይላል፣ ጋሽ ተንፍስ ምስሉን ያያል።

«ብርሃኑ ደህና ነው። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

«እኔንስ መቼ ነው እንደ ሰው የምታነሳኝ?»

«አንተን? አንተ መቼ ትጠፋለህ!»

ይህ ንግግር ከዓመት ዓመት አልተለወጠም። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን በዘዴ ሊያደርገው ፈለገ። ጋውኑን አውልቆ ኮቱን ከምስማሩ አወረደ፣ ለበሰ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፣ ደረቱን እስኪያመው ነፋ። ጋሽ ተንፍስ ከላይ እስከ ታች አየው። ማሽኑ እምቢ አለኝ አላለም። አንዴ ተጫነና «ብርሃኑ ደህና ነው። ኮቱን መልስ» አለው። መለሰ።

እንግዲህ የሞተው ይህ ሰው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ከሟች ቤት ሲደርስ ሚስትየዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ቡናማው ጫማ እግሯ ሥር ነው። በሩ አጠገብ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ፣ ወንበር ላይ እንደ ብረት ቀጥ ብለዋል።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ እህቴ።»

«ቀብሩ ነገ ነው። ከፊት የሚያዝ ፎቶ የለኝም። ጥርሱ የምትታይበት ፈልግልኝ።»

«ጥርስ ምን ያደርጋል?» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ሰው በገዛ ቀብሩ አይስቅም።»

«እሱ ይስቃል፣ ጋሼ።»

«ወንድ የሚመስል ይሁን ብቻ።»

በቤቱ ውስጥ ፎቶ አልነበረም ማለት አይቻልም። የሠርጋቸው አለ። የሠርጋቸውን ፎቶ ራሱ ነበር ያነሳው፤ ካሜራውን በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅቶ ወደ ሙሽራዋ ሲሮጥ ነው የደረሰበት። እሷ ቁጭ ብላ በግልጽ ትታያለች፣ ከጎኗ አንድ የክራቫት ጫፍና የነፋስ ሽው የመሰለ ነገር አለ። ከዚያ ወዲያ እንደገና ልነሳ ብሎ አያውቅም። «ባል አለኝ ብዬ ይህን ሳሳይ ሰው የት አለ ይለኛል» ትል ነበር። የቀረው የመታወቂያው ነው። እዚያ ላይ አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ይመስላል። እሱ ራሱ «መታወቂያ ላይ ሁሉም ሰው ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ይመስላል» ይል ነበር።

ቁልፉን ይዘው ሚስትየዋና ፀጉር አስተካካዩ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ እጃቸውን ይጨብጣል። ኮምፒውተሩን እሷ ከፈተችው። የደንበኞቹ ምስል በየስማቸው ተደርድሯል፤ ከነሱ መሃል «ብርሃን» የሚል አንድ ማህደር ለብቻው አለ። የራሱ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። ከፈተችው።

«ይሄ አንተ ነህ» አለች።

«አዎ።»

«ይሄም አንተ ነህ።»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ወደታች ወረደች። ማለቂያ የለውም።

«ታዲያ ባሌ የት አለ?»

ፀጉር አስተካካዩ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ አሁን እሷ የተቀመጠችበትን ወንበር አየ። «ከዚህ ወዲህ ነበር» አላት።

የሚጠፉ መስሎት ነበር። ብርሃን ታይቶ የሚደመሰሱ። ለካ አንዱም አልጠፋም። ሲያዛጋ አለ፤ ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጦ አለ፤ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም የተቀባበት ዘመን አለ፣ ማንም ሳይነግረው ቀለሙን የተወበት ዘመንም አለ። ከራሱ ሚስት ጋር በተጣላበት ሰሞን ጋውኑ አልተተኮሰም። አንድም ቦታ ደረቱን አልነፋም፤ ለብርሃን ማን ደረቱን ይነፋል?

ከዚያ አንዱ ጋ ሲደርሱ እጇ ቆመ።

እናቱን በቀበረ ማግስት ነው። በዚያ ቀብር ፀጉር አስተካካዩ እንደ ምሰሶ ቆሞ ስለነበር ሰፈሩ እስካሁን «ወንድ ማለት እሱ ነው» ይለዋል። እሱም አላለቀስኩም ብሎ ነው የሚያምነው። በማግስቱ ግድግዳው ተንኳኳ፣ ሄደ፣ ተቀመጠ። እነሆ ምስሉ፤ ዓይኑ ሞልቶ ፈሷል፣ ዕንባው ጢሙ ላይ ደርሶ ቆሟል። ጋሽ ተንፍስ ያን ጠዋት ያለው «ብርሃኑ ደህና ነው» ብቻ ነበር። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ አላለም። አሁን ነው ትዝ ያለው፤ ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ደህና መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠግን ነበር።

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች። በሚቀጥለው ላይ ኮት ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«አንድ ቀን ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ምናልባት በትልቅ ስክሪን ሲታይ አንድ ጥግ ላይ ባሏ ይገኝ እንደሆነ ብላ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ፍላሹንና መታወቂያውን ለሃምሳ አለቃው ሰጠች፤ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ሃምሳ አለቃው ለአታሚው የሰጡት ትዕዛዝ አጭር ነበር። «ፊቱ ይኸውልህ። ትከሻ ፈልግለት። ወንድሜን እንደ ሌባ አስመስዬ አልቀብረውም።» አታሚው ታዛዥ ሰው ነው። ፍላሹን ከፈተ፣ ከዚያ ሁሉ የሚያዛጋና ጋውን የለበሰ ሰው መሃል ኮት የለበሰ ደልዳላ ደረት አገኘ። ብርሃኑም ደህና ነበር።

በማግስቱ ፎቶው በትልቅ ፍሬም መጣ። ከአንገቱ በላይ ጋሽ ተንፍስ ነው፣ የመታወቂያው፣ አፉ የተገጠመ። ከአንገቱ በታች ግን ሃምሳ አለቃው የፈለጉት ሰው ነው። ፍሬሙን ለፀጉር አስተካካዩ አስያዙት። «ከፊት ያዝ። የቅርብ ወዳጁ አንተ ነህ» አሉት።

ሲቀበላቸው መጀመሪያ ያየው አውራ ጣቱን ነው። ተለማማጅ ሳለ ምላጭ ቆርጦት የቀረው ጠባሳ ፎቶው ውስጥ ጉልበቱ ላይ ባረፈው እጅ ላይ ይታያል። ቀና ሲል የኮቱ ኮሌታ ላይ የደንበኛ ፀጉር አየ፤ የዚያን ቀን ሳያራግፍ ነበር የሄደው። በዕድሜው እንደ ሰው የተነሳው አንድ ፎቶ ይህ ነው፣ እሱም ጭንቅላቱ ወርዷል።

«ምነው? ከበደህ?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«አልከበደኝም፣ ጋሼ።»

የራሱን ደረት ደረቱ ላይ ይዞ ከፊት ሄደ። ከኋላው ሰው ይንሾካሾካል።

«ጋሽ ተንፍስ እንዲህ ያለ ትከሻ ነበረው እንዴ?»

«ነበረው እንጂ። አቀርቅሮ ስለሚሠራ ነው ያልታየው።»

«ወይ ጉድ! ምን የመሰለ ደረት መሬት ሊበላው!»

ይህን ሲሰማ ፀጉር አስተካካዩ ሳይታወቀው ቀጥ አለ። ወዲያው አፈረና ትከሻውን መለሰ። ግማሽ ፊቱን የተላጨው ሹፌርም ከሰዉ መሃል አለ፤ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ ማስጨረስ ነውር መስሎታል። ሚስትየዋ መንገዱን ሙሉ ፍሬሙን ታይ ነበር። አታለቅስም። አንድ ጊዜ ብቻ ከፍሬሙ ላይ ዓይኗን አንስታ የተሸካሚውን ትከሻ አየች።

ከቀብር መልስ ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሃምሳ አለቃው እንግዳ ሊሸኙ ሲወጡ ጠራችው።

«ና እስቲ። ይሄ አውራ ጣት የማነው?»

አውራ ጣቱን አሳያት።

«ደረቱስ?»

«ያን ቀን ነፍቼው ነበር።»

«አምሮብሃል» አለች። ቀጥላም «ባሌ ደረቱን ነፍቶ አያውቅም። ሲነፋ ሳል ይይዘው ነበር» አለች።

«ልንገራቸውና ይውረድ።»

«ተው፣ ቆይ።»

ሃምሳ አለቃው እንግዳውን ሸኝተው ተመለሱ። ሁለቱ ወደ ወጥ ቤት ገብተው ስለነበር ማንም የሌለ መሰላቸው። ፎቶው ፊት ሄደው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እንደ ሰልፍ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ከውስጣቸው ወጣ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ «ታናሼ» አሉ። መሐረባቸውንም አወጡ። ጋሽ ተንፍስ ቢኖር የሚጫነው ያኔ ነበር።

«አየህ» አለች ሚስትየዋ በሹክሹክታ። «የሳቸው ይሁን። ይሰቀል። ለእኔ ግን ጥርሱን ፈልግልኝ።»

ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ መጠየቅ ጀመረ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረለት ጥያቄው ይቀርብለታል። «ስልክህ ላይ ጋሽ ተንፍስ አለ?» አዎ ይላሉ፣ ስልካቸውን ያወጣሉ፣ ይፈልጋሉ፣ የሚያሳዩት ግን ራሳቸውን ነው፤ እሱ ያነሳቸውን። «ይሄ እኔ ነኝ፣ እሱ ነው ያነሳኝ።» «አወቅሁ፣ እሱስ?» «እሱማ...» ይሉና ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ። ደረታቸውን የነፉበትን ሲያሳዩት «ያኛውስ የለም?» ማለትም ለምዷል። አንዳንዱ ዙሪያውን አይቶ ከቦርሳው ያወጣለታል። ለካ ለራሳቸውም ደብቀው የያዙ አሉ።

ሹፌሩ የመጣው ከሩቅ ጉዞ ሲመለስ ነው። የተላጨው ጉንጩ ደርሶ ካልተላጨው ጋር እኩል ሆኗል።

«ከየትኛው እንጀምር?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ከቀኙ። ዕዳህ እሱ ነው።»

ከቀኙ ጀመረ። ጥያቄውንም ጠየቀ። ሹፌሩ እጁን ከጨርቁ ሥር አውጥቶ ስልኩን ነካካና አንድ ፎቶ አሳየው። አረፋ በአረፋ ሆኖ ራሱን በመስተዋቱ ያነሳው ነው፣ ለሚስቱ ሊያስቃት የላከው። ከአረፋው ጀርባ፣ መስተዋቱ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ነው። በበሩ በርጩማ ያንጠለጠለ ሰው ይወጣል። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው።

ፀጉር አስተካካዩ የማን ጀርባ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የራሱን የመቀስ ሥራ አወቀ። በግራ ጆሮ በኩል ፀጉሩ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ጋሽ ተንፍስ ሰውን አርፈህ ተቀመጥ ሲል ይውላል፣ እሱ ግን ወንበር ላይ አርፎ ተቀምጦ አያውቅም፤ እየዞረ ሲስቅ ነው መቀሱ የሚስተው።

ሹፌሩ ፎቶውን ላከለት።

ሚስትየዋ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀብላ ብዙ አየችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ አንገቱን አጎላች።

«ይሄ የሱ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ጆሮው ጋ አበላሽተኸዋል።»

«እየዞረ ነው።»

«ዞሮ ቢሆን ኖሮማ ፊቱን ባየሁት ነበር» አለች፣ ስልኩን መለሰችለት። «አሳትምልኝ። ትንሽ ትሁን።»

ትንሿ ቁም ሳጥኑ ላይ ቆማለች፣ ትልቁ ግድግዳው ላይ ነው። ሃምሳ አለቃው እሁድ እሁድ ይመጣሉ፣ ትልቁ ፊት ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ትንሿን አይተው «ይቺ የማን ጀርባ ናት?» ብለው ነበር። «የወንድምዎ» ስትላቸው አንስተው አዩ፣ ከትልቁ ጋር አስተያዩ፣ «በኮቱ ነው የሚያምረው» ብለው መለሱ።

የፎቶ ቤቱ ቁልፍ ከፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነው። ጠዋት ይከፍታል፣ አቧራውን ይጠርጋል፣ መብራቱን አብርቶ ያጠፋል። በርጩማው ላይ አይቀመጥም። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመልሶ የመጀመሪያውን ደንበኛ አንገት በጨርቅ ያስራል፣ ይጠይቃል።

ጥርሱ የምትታይበት ፎቶ እስካሁን አልተገኘም።